ከከባድ ጥሪ በኋላ እርዳታ አጠያየቅ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የአምቡላንስ ሠራተኞች የአሠራር መመሪያ

«ከዚያ ጥሪ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ የት ልሂድ? ብሄድስ ከመኪናው መሪ ያነሱኛል ወይ?» ሹፌሩም፣ ነርሱም፣ ስልክ ተቀብሎ መኪና የሚያሰማራውም እየደጋገሙ የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። በየጊዜው የምንሰጠው መልስ አንድ ስለሆነ ከነቅደም ተከተሉ ጻፍነው። በቀይ መስቀል፣ በጤና ጽሕፈት ቤት ወይም በሆስፒታል አምቡላንስ ላይ ለምትሠሩ ሁሉ ይሆናል፤ ደመወዝ የሌላችሁ በጎ ፈቃደኞችም አላችሁበት።

ስለ መሪው ለሚጨነቁት አስቀድመን እንበል። ካርድ አውጥቶ መታከም በራሱ ማንንም ከሥራ አያፈናቅልም። ሥራንም ሕይወትንም አደጋ ላይ የሚጥለው ሦስት ሌሊት ሳይተኙ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጉም መውረድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከተራ ቁጥሮቹ ሁሉ በፊት

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ፣ ሌላ ሰው የመጉዳት ስሜት ካየለ፣ ወይም ሌሎች የማይሰሙት ድምፅ መሰማት ከጀመረ ማስታወሻ መያዝም ቀጠሮ መጠበቅም አያስፈልግም። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ራሳችሁም አትንዱ። በ907 የሚመጣው የራሳችሁ ባልደረባ መሆኑ ካሳፈራችሁ በባጃጅ ሂዱ፤ ብቻ አትዘግዩ። በቤት ያለ የጦር መሣሪያ፣ የተባይ ማጥፊያ መርዝና የተጠራቀመ ክኒን ለሌላ ሰው ይሰጥ ወይም ከቤት ይውጣ። ክፉው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት በርትቶ ይበርዳል፤ በእነዚያ ሰዓታት መሣሪያው እጅ ላይ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኪስ የሚገባ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ስልካችሁን ልጆችም ባልደረቦችም የሚነካኩት ከሆነ ወረቀት ይሻላል።
- በወረቀት ላይ የተጻፉ ሦስት ስልክ ቁጥሮች፦ አንድ የሥራ ባልደረባ፣ አንድ የቤት ሰው፣ አንድ የምታምኑት የጤና ባለሙያ። ባትሪ የሚያልቀው በተቸገራችሁበት ሰዓት ስለሆነ ስልክ ውስጥ ብቻ አይቀመጡ።
- የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፤ የጨጓራም፣ የደም ግፊትም፣ የራስ ምታትም።
- መታወቂያ፣ የጤና መድን ካላችሁ ደብተሩ፣ የድሮ ካርድ ቁጥር ካለ እርሱም።
- ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት የሚሆን ገንዘብ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትም።
- ከሥራ ልብስ ሌላ ልብስ። ለምን እንደሆነ ተራ ቁጥር 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

1. ከጥሪ መልስ፣ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት

ልጅ የሞተበት፣ ብዙ ሰው የተጎዳበት፣ የምታውቁት ሰው የተነሳበት፣ ወላድ መንገድ ላይ ያለፈችበት ወይም ቤተሰብ «ለምን ዘገያችሁ» ብሎ እጁን ያነሳበት ጥሪ ከሆነ በደረሳችሁበት ስምሪት አትቀበሉ። ለስምሪት ሠራተኛው «መኪና እያጸዳን ነው፣ ለ30 ደቂቃ ከስምሪት ውጪ ነን» በሉት። ውሸትም አይደለም፤ መኪናው በእርግጥ ይጸዳል። ሌላ መኪና ከሌለና አስቸኳይ ጥሪ ከመጣ ግን እጁ የማይንቀጠቀጠው ሰው ይንዳ።

መኪናውን የሚያጥበው ሰውየውን ወይም ልጁን በእጁ የያዘው ባይሆን ይመረጣል። ሥራ ተከፋፈሉ፦ አንዱ ቃሬዛውንና ወለሉን፣ ሌላው መዝገቡን። ደም ለነካው ቦታ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ከዚያ በውሃ አጥባችሁ በሮቹን ክፈቱ። ይህ ለተላላፊ በሽታ ብቻ አይደለም። ሽታ ያንን ሰዓት መልሶ ፊታችሁ ላይ ያመጣዋል፤ ከቃሬዛው ሥር የቀረ እድፍ በማግስቱ ሌላ ጥሪ ላይ እያላችሁ ያስታውሳችኋል።

ከዚያ ልብስ ቀይሩ፣ ታጠቡ፣ ባትፈልጉም ትንሽ ነገር ቅመሱ። እጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም ልብ ከመታ ተቀመጡና በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ፤ ለ5 ደቂቃ። የሚያረጋጋው ከሚገባው ይልቅ የሚወጣው ትንፋሽ መርዘሙ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ በኃይል እየሳበ ራሱን ያዞረዋል።

መዝገብ ላይ ሦስቱን ሰዓቶች በትክክል ጻፉ፦ ጥሪው የደረሰበት፣ ከግቢ የወጣችሁበት፣ ቦታው ላይ የደረሳችሁበት። ከሳምንት በኋላ «ቀድሜ ብነሳ ኖሮ» የሚለው ሐሳብ ሲያስቸግራችሁ መልስ የሚሰጠው ይህ መዝገብ ነው። የተጸጸተ ሰው ሰዓቱን በጭንቅላቱ ያረዝመዋል፤ የአሥር ደቂቃውን መዘግየት ግማሽ ሰዓት ያደርገዋል። አንዴ አይታችሁ ግን ዝጉት፤ በየቀኑ እየገለጡ ማንበብ ሌላ በሽታ ነው።

2. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች

መባነን፣ ምስሉ ዓይን ላይ መምጣት፣ ድምፅ ሲሰማ መደንገጥ፣ ከሰው መሸሽ፣ መነጫነጭ በነዚህ ቀናት የሚጠበቅ ነው። የአብዛኛው ሰው በአራት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ዋናው ሥራ እንቅልፍን መጠበቅ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌላው ነገር ሁሉ ይብስበታል።

- ቡናን በሰዓት ያዙት። ማታ 4 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይሁን። ጎረቤት ከጠራችሁ ሂዱ፣ ከሰው ጋር መቀመጡ ይጠቅማል፤ አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናና በረካውን ግን ለሌላው ተዉት።
- ከአዳር ወጥታችሁ ቀን የምትተኙ ከሆነ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ፣ ስልኩን ከአልጋው አርቁ፣ ለቤት ሰውም እስከ ስንት ሰዓት እንዳይቀሰቅሳችሁ ንገሩ።
- የአደጋው ቪዲዮ በቴሌግራምም በቲክቶክም ይመጣል። አትክፈቱት፣ ለሌላም አትላኩት። በዓይናችሁ ያያችሁት በቂ ነው።
- ለማንቃት ጫት፣ ለማስተኛት ጨብሲ (የምርቃና ማብረጃ መጠጥ) የሚለውን አዙሪት በእነዚህ ቀናት አትጀምሩት። ምርቃናው እንቅልፉን ይነጥቃል፤ አልኮሉ ቶሎ ያስተኛና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አባንኖ ያስነሳል፤ ጠዋት ለመንቃት እንደገና ጫት ያስፈልጋል።

ለዓመታት የቃመ ሰው በድንገት ሲተው የሚመጣውን ዱካክ ከዚህ መለየት ያስፈልጋል። ዱካክ ተራ ቅዠት ነው፤ የሚያሳድድ፣ የሚያንቅ፣ ጥሪው ላይ ካያችሁት ጋር የማይገናኝ። ከአሰቃቂ ጥሪ የሚመጣው ቅዠት ግን ብዙውን ጊዜ ያንኑ ቦታ፣ ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ድምፅ ይመልሳል። የትኛው እንደሆነ ማስታወሻው ላይ ጻፉት፤ ሐኪሙ በእርግጥ ይጠይቃችኋል።

3. የሁለት ሳምንት ማስታወሻ

በየቀኑ አንድ መስመር ብቻ። አራት ነገር ይጻፍ፦ የተኛችሁበት ሰዓት ብዛት፣ የባነናችሁበት ብዛት፣ የተቆጣችሁበት ብዛት (ቤት ውስጥ ያለውንም ጨምራችሁ)፣ የጠጣችሁት ወይም የቃማችሁት መጠን። ምሳሌ፦ «ማክሰኞ፣ 4 ሰዓት፣ 2 ጊዜ፣ 3 ጊዜ፣ 2 ቢራ።» የታካሚ ስም፣ ሰፈር ወይም የጥሪ ዝርዝር አይጻፍበት፤ ደብተሩ ቢጠፋ የሰው ምስጢር አብሮ ይወጣል።

በ14ኛው ቀን ሁለት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ባለፉት 2 ሳምንታት (ሀ) ነገር ሁሉ አላስደስት፣ አላጓጓ ማለቱ፣ (ለ) መከፋት፣ መደበር ወይም ተስፋ መቁረጥ ምን ያህል አስቸገረኝ? ለእያንዳንዱ፦ ፈጽሞ ካልሆነ 0፣ ጥቂት ቀናት ከሆነ 1፣ ከግማሽ በላይ ቀናት ከሆነ 2፣ በየቀኑ ለማለት የሚያስደፍር ከሆነ 3። ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ተራ ቁጥር 5 እለፉ። ይህ ማጣሪያ ነው፤ ድባቴ አለባችሁ ብሎ አይፈርድም፣ ሰው ይያችሁ ይላል እንጂ። ድምሩ ዝቅ ብሎም ቅዠቱና መደንገጡ ከቀጠለ መሄዱ አይቀርም፤ ሁለቱ ጥያቄዎች ድባቴን እንጂ ከአሰቃቂ ክስተት የሚመጣውን የጭንቀት ሕመም አይፈልጉም። ይኸኛው ሕመም የሚባለው ምልክቶቹ ከ1 ወር በላይ ሲቆዩ ነው።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ደግሞ 14 ቀንም አትጠብቁ፦ መሪ ላይ ማንቀላፋት፣ አንድን መንገድ ወይም ቦታ ሆን ብሎ መሸሽ (አንድ ሰፈር ውስጥ አስከሬን ያነሳ ሹፌር ያንን ሰፈር እየዞረ መሄድ ሲጀምር ማለት ነው)፣ የመድኃኒት መጠን መሳሳት ወይም መርፌ ሲወጉ የደም ሥር መሳት፣ በቤት ሰው ላይ እጅ ማንሳት፣ ለመተኛት በየቀኑ መጠጣት።

4. ለአንድ ሰው መናገር

ለሁሉም መናገር አያስፈልግም፤ ለአንድ ሰው ግን ያስፈልጋል። ጥቅሙ ሐዘን መካፈል ብቻ አይደለም። ቀጠሮው ቀን ጠዋት «ደህና ነኝ፣ ይቅር» የምትሉበት ሰዓት ይመጣል፤ ያኔ በሩን የሚያንኳኳ ሰው መኖር አለበት።

በእኛ አካባቢ «አብሽር፣ ያልፋል» የሚለው ቃል በፍቅር ይባላል፤ ነገር ግን ወሬውን እዚያው ይዘጋዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የምትፈልጉትን ለይታችሁ ተናገሩ። ለእኩያ ባልደረባ፦ «ወንድሜ፣ ከማክሰኞው ጥሪ ወዲህ ሌሊት እየባነንኩ ነው። ምክር አልፈልግም፤ ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» ለአንጋፋው ሹፌር፦ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ሌሊት መንዳት ፈርቻለሁ። ለኃላፊው ስነግረው አብረውኝ ይቁሙ።» የቀን፣ የሰዓትና የሥራ ጥያቄ ያለበት ንግግር በ«አብሽር» አይዘጋም።

ለቤት ሰው ያያችሁትን ዝርዝር መንገር ግዴታ አይደለም። «ሥራ ላይ ከባድ ነገር አይቼ ነው፤ ቁጣዬ በእናንተ አይደለም፤ ልታከም ነው» ማለት ይበቃል።

5. የት ይኬዳል?

መጀመሪያ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይኬዳል፤ ደሴ ላይ በደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይህ ክፍል አለ። በጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ሪፈሩን አትዝለሉት፤ ያለ እርሱ ወጪው ከኪስ ይሆናል። ጠዋት ቶሎ ድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ አዲስ ታካሚ ብዙ ጊዜ ለሌላ ቀን ይቀጠራል።

አሁን ወደ እውነተኛው ችግር። አምቡላንስ ላይ የሚሠራ ሰው በሆስፒታሉ በር ጠባቂው፣ ካርድ ክፍሉ፣ ነርሱ ሁሉ ያውቀዋል። «ዛሬ ማንን አመጣህ?» ተብሎ ሳይካትሪ ክፍል ፊት ወረፋ መያዝ ለብዙዎች ከሕመሙ ይከብዳል። ይህን የሚያቀሉ አራት ነገሮች አሉ።

- በሥራ ልብስ አትሂዱ፤ በድንገተኛ በር አትግቡ። እንደ ማንኛውም ሰው በተመላላሽ በኩል ግቡ።
- ደሴ የምትሠሩ ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ የምትሠሩ ደሴ መጀመር ትችላላችሁ። ርቀቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሚኒባስ አይጠፋም። ግን ክትትሉ ወራት ስለሚወስድ ወጪውን አስቀድማችሁ አስሉት፤ ለመደበቅ ብሎ ርቆ ጀምሮ በሦስተኛው ቀጠሮ ማቋረጥ የተለመደ ነው።
- ካርድ ክፍል ላይ «በስም ሳይሆን በካርድ ቁጥር ይጥሩኝ» ብላችሁ ጠይቁ።
- ለሚያያችሁ ባለሙያ ገና ስትገቡ «እዚህ የሚያውቁኝ ብዙ ናቸው፤ ካርዴን ማን ያየዋል?» በሉ። የታካሚን ምስጢር መጠበቅ የባለሙያው ግዴታ ነው፤ መጠየቃችሁ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ እንዳይውል ያደርጋል።

ጠበል መሄድ፣ ዱዓ ማስደረግ፣ ወዳጃ (የጸሎት ስብስብ) ላይ መቀመጥ ከሕክምና ጋር አይጣላም። የሚጣላው መድኃኒቱን ቤት ትቶ መሄድ ነው። የምትቆዩበትን ቀን የሚሸፍን መድኃኒት ያዙና ሂዱ።

6. ምርመራ ክፍል ውስጥ ምን ይባላል?

ብዙ ሰው «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ያመኛል» ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ጨጓራውም ራስ ምታቱም እውነት ናቸው፤ ተናገሩት። ግን መጀመሪያ ይህን ዓረፍተ ነገር በሉ፦ «አምቡላንስ ላይ ነው የምሠራው። ከአንድ ጥሪ በኋላ ይኸው ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም።» ከዚያ ደብተሩን ክፈቱና አሳዩ። የባለሙያው ጊዜ አጭር ነው፤ የ14 ቀን መስመር የግማሽ ሰዓት ወሬ ይተካል።

ሳትጠየቁም የምትናገሩት፦ ሹፌር መሆናችሁን፣ አዳር መግባታችሁን፣ የምትቅሙትና የምትጠጡትን መጠን ሳትቀንሱ፣ ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል የምትወስዱ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች፣ በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ካለ። ጫትን መደበቅ በተለይ ጎጂ ነው፤ ባለሙያው በጫት የመጣውን እንቅልፍ ማጣት በመድኃኒት ሊያክመው ይነሳል፣ መድኃኒቱም አልሠራ ይላል።

7. መድኃኒት ከታዘዘ

መድኃኒት የሁሉም ሰው ሕክምና አይደለም። ከአሰቃቂ ክስተት ለሚመጣ ጭንቀት የንግግር ሕክምና ቀዳሚ ነው፤ ባለሙያው ካለ ጠይቁ። ከታዘዘ ግን ከክፍሉ ሳትወጡ እነዚህን ጠይቁ፦ በስንት ሰዓት ልዋጠው? እንቅልፍ ያመጣል? ከመቼ ጀምሮ መንዳት እችላለሁ? መቼ ይሠራል? አንድ ቀን ብረሳ ምን ላድርግ?

ለድባቴ ከሚታዘዙት ውስጥ ፍሉኦክስቲንና አሚትሪፕቲሊን ይገኛሉ። ፍሉኦክስቲን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይወሰዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መረበሽ ሊያመጣ ይችላል፤ መረበሹ ከባሰ ወይም ክፉ ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። አሚትሪፕቲሊን ማታ ይወሰዳል፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ ማንቀላፋቱም እስከ ጠዋት ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ በጀመራችሁበት ሳምንትና መጠኑ በተጨመረ ቁጥር መሪ አትያዙ፤ መቼ እንደምትመለሱ ባለሙያው ይወስን። ሁለቱም ለውጥ የሚያሳዩት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይተው ነው። በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል በዚህ ሕክምና ላይ ከሚፈጸሙት ስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሲሻል ማቆም ነው፤ ለድባቴ ሕክምናው ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም መጠኑ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው።

ዲያዜፓም በሚባለው የማረጋጊያ ክኒን ላይ ጠንከር ብለን እንናገር። ባልደረባ ኪስ ውስጥ ይገኛል፣ «አንድ ዋጥና ተኛ» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ለሚመጣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይህን ዓይነት መድኃኒት አይመክርም፤ ሱስ ያስይዛል፣ የእጅና የዓይን ቅልጥፍና ይቀንሳል፣ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከመኪናው የመድኃኒት ሳጥን መውሰድማ ሕመሙን የዲሲፕሊን ክስ ያደርገዋል። አስቀድሞ በየቀኑ ስትወስዱት ከቆያችሁ ደግሞ በአንድ ቀን አታቁሙት፤ ለባለሙያው ተናግራችሁ እየቀነሳችሁ ውጡ፣ በድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል።

ረመዳን ወይም ሌላ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ሰዓቱን ለማስተካከል ተመለሱ። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ወደ ሱሑር ወይም ወደ ኢፍጣር ሊዞር ይችላል፤ በራስ ግምት መዝለል ግን አይቻልም።

8. መሥሪያ ቤት

ለቅርብ ኃላፊ የሚነገረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ሕክምና ላይ እንደሆናችሁ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ምን ሥራ መሥራት እንደምትችሉ። የሕመሙን ስም መናገር አይጠበቅባችሁም። «አቶ እገሌ፣ በሐኪም ትእዛዝ እስከ ሚያዝያ 20 ሌሊት መንዳት አልችልም፤ የቀን ስምሪት ወይም ስልክ መቀበል እችላለሁ፤ ወረቀቱ ይኸው» ማለት «ትንሽ አሞኝ ነበር» ከማለት ይሻላል። ኃላፊው ፈረቃ የሚያወጣው ቀንና ሰዓት ሲነገረው ነውና።

የሕመም ፈቃድ ወረቀቱ ከታወቀ የጤና ተቋም የወጣ፣ ማኅተምና ቀን ያለው መሆኑን ከበሩ ሳትወጡ አረጋግጡ። ማኅተም የጎደለው ወረቀት ይመለሳል፣ የቀራችሁበት ቀንም ያለ ፈቃድ እንደቀራችሁ ይቆጠራል። ፎቶ አንስታችሁ ኦሪጅናሉን ስጡ፣ የተቀበለውን አስፈርሙ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደሩና የሙከራ ጊዜ የጨረሳችሁ ከሆነ የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፦ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ። በቀራችሁ ማግሥት ለአሠሪው ማሳወቅም ግዴታ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ ስላላቸው የሰው ሀብት ክፍላቸውን ይጠይቁ። በጎ ፈቃደኞች የደመወዝ ጥያቄ ባይኖርባችሁም ከተረኛ ዝርዝር ለጊዜው እንድትወጡ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዝም ብሎ መቅረት ስማችሁን ያበላሻል።

9. ክትትል

ሁለተኛውን ቀጠሮ ከመጀመሪያው አስበልጣችሁ ያዙ። መጠን የሚስተካከለው፣ የማይስማማው የሚቀየረው ያኔ ነው። መድኃኒቱ ከማለቁ 5 ቀን በፊት መግዛት ጀምሩ፤ አንዱ ፋርማሲ ባይኖረው ሌላ ለመፈለግ፣ ካስፈለገም ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ደርሶ ለመመለስ ጊዜ ይኖራል። ማስታወሻውን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቀጥሉት። ተመሳሳይ ጥሪ ሲያጋጥም፣ ወይም ያ ቀን ዓመቱን ሲደፍን፣ ምልክቶቹ ለጥቂት ቀናት ሊመለሱ ይችላሉ፤ ከሁለት ሳምንት ካለፉ ወደ ባለሙያው ተመለሱ።

የታመመው ባልደረባችሁ ከሆነ

ከቀልደኛነት ወደ ዝምታ የዞረ፣ ሁልጊዜ ፈረቃ የሚቀያየር፣ መጠጥ የጨመረ፣ ቅሬ (እድር) ላይ መታየት ያቆመ ሰው ስታዩ ለብቻው ቡና ጋብዙት። «ምን ሆንክ?» ብላችሁ አታፋጡት፤ ያያችሁትን ንገሩት፦ «ሰሞኑን አዳር ላይ አትተኛም፣ እህልም ትተሃል።» ከዚያ ስሙት። ያየውን በግድ አታስተርኩት፤ «የኔ እኮ ከዚህ ይብሳል» አትበሉ። ስለ ራስ ማጥፋት በቀጥታ ጠይቁ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ይልቁንም እንዲተነፍስ በር ይከፍትለታል። «አዎ» ካለ ከላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ተከተሉ፣ ብቻውንም አትተዉት። «አይ» ካለ የጤና ጣቢያውን ቀንና ሰዓት ቁረጡና አብራችሁ ሂዱ። ለሌሎች ባልደረቦች አትንገሩ፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ለሚመለከተው ይነገራል።

ለስምሪት ኃላፊዎች

ከብዙ ሟች አደጋ በኋላ ሠራተኛውን ሰብስቦ በተራ «ያየኸውን ተናገር» ማለት ደግ ይመስላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን አይመክረውም፣ ያልተዘጋጀውን ሰው ሊጎዳ ይችላልና። ከዚያ ይልቅ ለእያንዳንዱ በግል «በላህ? ተኛህ? ነገ ማን ይተካህ?» ይባል። በ3ኛው ቀንና በ4ኛው ሳምንት ደግማችሁ ደውሉ፤ በ4ኛው ሳምንት የሚደውል ሰው ስለማይኖር ብዙው የሚወድቀው እዚያ ነው። ልጅ የሞተበት ጥሪ ላይ የነበረን ቡድን በዚያው ፈረቃ ሌላ የልጅ ጥሪ ላይ አትላኩ፣ አማራጭ ካለ። ስልክ ተቀባዩንም አትርሱ፤ የእናትየውን ጩኸት ሰምቶ መጨረሻውን ሳያውቅ ወደ ቤቱ የሚገባው እርሱ ነው፣ ታካሚው ምን እንደሆነ ንገሩት።